አባቴና የሞላው ሚሞሪ

ለእህቴ ሠርግ ፎቶ አንሺ ሳይከራዩ የቀሩት በእኔ ምክንያት ነው። ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ገዝቼ ዓመት ሳይሞላኝ ቤተሰቡ ባለሙያ አድርጎኝ ነበር፤ እኔም አልካድኩም። ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ የሚያነሣበት ዘመን ገና አልመጣም። እህቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤት ስትወጣ የአባታችንን ጉልበት ስትስም እንዳነሣት። "ሌላው ቢቀር ይቅር፤ እሷ እንዳታመልጥሽ" አለችኝ።

ሠርጉ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነበር። በጥምቀት ደግሞ እኔን የሚያቆመኝ የለም፤ ታቦት ከወጣበት እስኪገባ ድረስ ሳነሣ ከርሜ በሠርጉ ዋዜማ ካሜራውን ብከፍት ሚሞሪው ጢም ብሏል። ሌላ ልግዛ ብል በዓል ነው፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ። ምን ቸገረኝ፣ ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ ሚሞሪውን ባዶ አደርገዋለሁ ብዬ ገመዱን ሰካሁ።

የቸገረኝ አባቴ አጠገቤ መቀመጡ ነው። አባቴ ቄስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ጎንደር ያገለገለ፣ በወጣትነቱም ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ የገለበጠ ሰው። መነጽሩን አድርጎ ፎቶዎቹ ሲያልፉ እያየ ደስ ብሎታል።

"አሁን ሁሉም እዚህ ገቡ?"

"ገቡ፣ አባባ። በል እንግዲህ ከካሜራው ላይ ላጥፋቸው።"

"ምነው?"

"ተገልብጠዋላ!"

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ዳዊት ገልብጦ ሲያበቃ ዋናውን እሳት ውስጥ የሚከት ጸሐፊ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እኔ ከእሱ በቀር ጸሐፊ አይቼ አላውቅም። እሺ፣ የተበላሹትን ብቻ ልቀንስ ብዬ አንድ ብዥ ያለ ፎቶ መረጥኩና የካሜራውን ማጥፊያ ልጫን ስል እጄን ያዘኝ። ማጥፊያው ላይ ትንሽ ሥዕል አለች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"የቆሻሻ ቅርጫት።"

"ታቦት የተሸከመ ካህን ቆሻሻ ውስጥ?" ብድግ ብሎ አማተበ። ከዚያ ያረጀ ልብሰ ተክህኖ እንኳ ዕቃ ቤት ይቀመጣል እንጂ እንደማይጣል፣ የተሰበረ መስቀልም እንደዚያው መሆኑን አስረዳኝ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ብርሃን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ብርሃን ነው ቆሻሻ ላይ የሚደፋ?"

ከብዙ ክርክር በኋላ ሕግ ወጣ፤ ታቦት፣ ጥላ፣ ካህን ወይም መስቀል ያለበት ፎቶ አይነካም፣ ሌላው ይጥፋ። እስኪ በጎንደር ጥምቀት መስቀል የሌለበት ፎቶ ፈልጉ! የልጃገረዱ ቀሚስ ሁሉ የመስቀል ጥልፍ ነው። ለፍርድ የቀረቡት አንዲት የታሰረች አህያ፣ የገዛ አውራ ጣቴ፣ የተገለበጡ የላስቲክ ወንበሮች፣ እንዲሁም ጓደኛዬ ያነሣችኝና በሕይወቴ አምሬ የታየሁባቸው ጥቂት ፎቶዎች ናቸው። "ቀሚሴ ላይ መስቀል አለ" ብዬ ተከራከርኩ። አባቴ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ መረመረና "አበባ ነው" ሲል ፈረደ። "ደግሞስ ቅጂሽ ላፕቶፑ ውስጥ አለ አይደል፤ ምን ያንገበግብሻል?" ለእኔ ሲሆን ቅጂው በቃ!

ወደ ሃያ ፎቶ የሚሆን ቦታ ተገኘ። እንዳላታልለው ሚሞሪዋን አስወጥቶ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ከዳዊቱ ጋር ማኅደር ውስጥ አሳደራት።

በማግስቱ ሙሽራው ከነአጀቡ ከኮሶዬ ወረደ። ሃያዋን ቆጥቤ ልይዝ ቆርጬ ነበር፤ የሙሽራው አጎት ግን ቀደሙኝ። እሳቸውም ቄስ ናቸው፤ የእጅ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በር ላይ ቆመው "እስቲ ሸጋ አርገሽ አንሽኝ፣ ልጄ" አሉ። አማች እምቢ አይባልም። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደገምኩ። ከሚዜዎቹ ጋር፣ ከወንድማቸው ጋር፣ ቀጥሎ ከእናቴ ጋር። ሌላ ሰው ላነሣ ስዞር እንኳ ከየት መጡ ሳይባል መስቀላቸውን ይዘው መሐል ይገቡ ነበር። በሕጉ መሠረት አንዱም አይጠፋም።

ሰዓቱ ደረሰ። አባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እህቴ ተንበረከከች፣ እልልታው ቀለጠ። ካሜራውን አነጣጥሬ ተጫንኩ። አልሠራም።

"አባባ፣ ሞልቷል!"

እህቴ ከጉልበቱ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ውጭ የሙሽራው መኪና ጥሩንባውን ያንባርቃል።

"አጥፊ" አለ አባቴ።

"የቱን?"

"የእኔን። ካባ ለብሼ የቆምኩትን።" ትናንት ሦስት ጊዜ መልሺና አሳዪኝ ያለው ፎቶ ነው።

"መስቀል ይዘህ ነው እኮ የቆምከው። ሕጉ…"

"መስቀሉን አውጪና እኔን አጥፊ!"

"አይለይም፣ አባባ!"

አማቾቹ ሁሉ ያዩናል። አባቴ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ ቅዳሴ ላይ በሚያወጣው ድምፅ "እግዚአብሔር ይፍታሽ!" አለ። ወዲያው ጣቱን ቀስሮ "አንድ ብቻ!" ሲል ጨመረበት። ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ። እህቴ ዳግም ጉልበቱ ላይ አጎነበሰች፤ እኔም አጠፋሁና አባቴ እጁን ሳያወርድ ተጫንኩ።

ያቺ ፎቶ ዛሬ እህቴ ሳሎን በትልቁ ታትማ ተሰቅላለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር "አባባ ሲመርቀኝ ነው" ትላለች፤ እንግዳውም በምርቃቱ ይደነቃል። እኔና አባቴም አናርማትም። ዓይኑን ላስተዋለ ግን ሙሽራዋን እያየ አይደለም፤ የሚያየው እኔን ነው፣ ሁለተኛ እንዳላጠፋ።