የጌጡ ጨረቃ በአቡጀዲ ላይ

ደብረ ታቦር ላይ ሙላቴን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ብቻ ነው። የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፈው እሱ፣ የሥዕል ማሳያ ማሽኑን በበቅሎ ጭኖ እስከ ገሳይና ከገሳይ ወዲያ እየዞረ ስለ ዓይን ማዝና ስለ ተቅማጥ የሚያስተምረውም እሱ። አንዲት ዝንብ ግድግዳ አክላ ስትታይ ሰዉ ይጮሃል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ትምህርቱ ያልቃል። ሙላቴ ዕድሜውን ሙሉ በብርሃን ሲያሳይ የኖረው በሽታ ነበርና አንድ ቀን እንኳ ሰው አስቆ አለማወቁ ያንገበግበው ነበር።

የሚያስቅ ታሪክ ጠፍቶት ግን አልነበረም። ጓደኛው መምህር አያሌው የጻፈው አንድ ታሪክ ነበር፣ ከተማው ሁሉ የሚወደው። የገሳዩ ገበሬ ጌጡ ጥማድ በሬዎቹን ይዞ ጨረቃ ላይ እርሻ ይጀምራል። ምን ዋጋ አለው፣ እዚያ ነገር ሁሉ ቀላል ነው! በሬው አንድ ጊዜ ሲራመድ ሦስት ማሳ ዘሎ ያርፋል። የዘራው ገብስ አልወርድ ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ጌጡም ጅራፉን ይዞ «ውረድ አንተ!» እያለ ዘሩን ሲያሯሩጥ ይውላል። አያሌው ይህን ዓርብ ዓርብ ለተማሪዎቹ ሲያነብ ትልልቁ ሰው ሳይቀር አጥር ተደግፎ ይሰማ ነበር። ገበያ ላይ ዋጋ የሰቀለ ነጋዴም «የጌጡ ገብስ ነው እንዴ፣ አልወርድ ያለው?» ይባል ነበር።

በ1970 ዓ.ም. አያሌውን ከሚያስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱት። እናቱ ወይዘሮ ወርቅነሽ አንድ ዓመት ሙሉ ስንቅ ሲያመላልሱ ከርመው፣ አንድ ጠዋት «ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል» ተባሉ። የት እንደሆነ ደፍሮ የሚጠይቅላቸው ሰው አልተገኘም። ጊዜው እንዲያ ነበር።

የታሪኩን ደብተር ከጎታው ገብስ ሥር አውጥተው ለሙላቴ የሰጡት እሳቸው ናቸው። «ልጄ ሲፈታ ግድግዳ ላይ ያግኘው። ደስ ይለዋል» አሉት። ሙላቴ ለዚህች ቃል ሲል አሥራ አራት ወር ለፋ። ከሐኪም ቤት የተጣለ የራጅ ፊልም እየለመነ፣ በበረኪና እያጠበ እንደ መስተዋት አጠራው፤ በልክ በልኩ ቆራርጦም ሰማንያ አራት ሥዕል በመርፌ ጫፍና በቀለም ሣለበት። ልብስ ሰፊው ሸሪፍ ደግሞ አቡጀዲ ገጣጥሞ የቀበሌውን አዳራሽ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚያለብስ መጋረጃ ሰፋለት። ጌጡን የሚወድ ሰው ነበርና የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ።

የቀረው ፈቃድ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሙላቴ ማመልከቻውን ይዞ የቀበሌው ካድሬ ዘንድ ቀረበ። ካድሬው ታሪኩን ሲያነብ ፈገግ አለ፤ በጌጡ ማን ፈገግ አይልም? ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ የአያሌውን ስም ሰረዘው።

«ሲፈታ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው…» አለ ሙላቴ፣ አፉን ሳይጠብቅ።

«ማን ነው የሚፈታው?» ካድሬው ቀና እንኳ አላለም። «እርምጃ ከተወሰደበት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አሳይ።» ማህተሙን መታና ወረቀቱን ገፋለት።

ሙላቴ የጓደኛውን መገደል የሰማው በዚህ ዓይነት ነው። ፈቃዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ አመስግኖም ወጣ። ማመስገኑ ኋላ ላይ በጣም አሳፈረው።

በቀጥታ የሄደው ወደ ወይዘሮ ወርቅነሽ የነፍስ አባት፣ ወደ ቄስ እሸቴ ነበር። ቄሱ ሰምተው ተነሥተው በሩን ዘጉት።

«መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም፣ ልጄ። ወንድማቸው ሐሙሲት ነው፤ እልክበታለሁ። እሑድ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ እንነግራቸዋለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ።»

«ቅዳሜስ፣ አባቴ? ትርኢቱን ልተወው?»

«አሁን ብትተወው ይጠረጥራሉ። ብቻ እሳቸው እንዳይመጡ አድርግ።»

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሊያስቀራቸው ሄደ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ የታጠበ ነጠላ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።

«ሰው ይበዛል፣ እማማ፣ ይጨናነቃሉ። ሌላ ቀን ለብቻዎ ላሳይዎት።»

«ለብቻዬ ምን ሊረባኝ? የልጄን ነገር ከሰው ጋር ልየው እንጂ! በል ና፣ ምራኝ።»

ሙላቴ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አጥብቆ ቢለምናቸው ይቀሩለት ነበር። አልፈለገም። አሥራ አራት ወር የደከመበትን ሥራ እሳቸው ሲያዩለት ማየት ፈለገ። ሰው ነውና ፈለገ።

የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋረዱ። ሙላቴ ሥዕሉን እየለወጠ በድምፅ ማጉያ ይተርካል፤ ወይዘሮ ወርቅነሽ ከጎኑ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ላይ ማንም አልሳቀም። ሰዉ የካድሬውን ፊት ይጠብቅ ነበር። በሬው ሦስተኛውን ማሳ ሲዘል ካድሬው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሸሪፍ ከወንበሩ ወደቀ። ገብሱ አቡጀዲው ላይ ተንጠልጥሎ ጌጡ ጅራፉን ሲያነሣ፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ውይ ይሄ ልጅ! ከየት አመጣው!» እያሉ የሙላቴን ጉልበት መቱት። «ሲመጣ የምነግረው እኔ ነኝ፤ አንተ እንዳትቀድመኝ!»

ሙላቴ ቀጣዩን ሥዕል አስገባ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ባለመንቀጥቀጡም ራሱን ጠላ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ቄስ እሸቴ፣ ከሐሙሲት የገባው ወንድማቸውና ሙላቴ ከዘመድ ጋር ሆነው በሩን አንኳኩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ከፍተው ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ለእንዲህ ያለው ሟች ለቅሶ ክልክል ነበርና ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ወንድማቸው ደግፎ አስቀመጣቸው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ።

«መቼ ነው የሰማችሁ?»

ሙላቴ መዋሸት አቃተው።

«ማክሰኞ ነው የሰማሁ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ቅዳሜ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩት፤ የቁጣ ፊት አልነበረም፣ ቢቆጡ በወደደ።

«ሞቱንስ ሦስት ዓመት ስፈራው ኖሬአለሁ፤ እንደምንም እችለዋለሁ» አሉ። «ትናንት የሳቅሁትን ሳቅ ግን፣ ሙላቴ፣ ምን ላድርገው?»