ባለሦስት እግሩ ማስደገፊያ

አናጢው በአደን ጓደኞቹ ዘንድ «አይስቴ» ይባል ነበር፤ አንዴ ካነጣጠረ አይስትማ። ስልሳን ከተሻገረ ወዲህ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ ከዳው። መጀመሪያ መጋዙ መስመር ሳተበት፤ ቀጥሎ ሚስማር እመታለሁ ብሎ አውራ ጣቱን አደቀቀና ሙያውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ሚስቱ ሻይ ስትቀዳለት ብርጭቆውን ከግማሽ አታሳልፍም፤ እሱም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። የቀረችው አደን ብቻ ነበረች።

እሷም እንዳታመልጠው የጠመንጃ ማስደገፊያ ሊገዛ ታናሽ ወንድሙን ይዞ ሱቅ ሄደ።

አፈሙዝ ሥር የሚታሰረው ባለሁለት እግር በጣም አጭር ነው፤ በደረት ካልተኙ አይሆንም። «ከተኛሁስ ማን ያነሳኛል?» አለና መለሰው። አሸዋ የተሞላው ከረጢት ንቅንቅ አይልም፤ ግን የሚያኖሩበት ግንድ ወይም ድንጋይ ካልተገኘ ትርፉ ሸክም ነው። የቀረው፣ አናቱ እንደ ባላ የተከፈለ ባለሦስት እግር ነበር፤ ሲፈልጉ ይረዝማል፣ ሲፈልጉ ያጥራል። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሞከረው። አፈሙዙ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የመሬት መንቀጥቀጥም ያስታግሣል!» አለ ባለሱቁ።

ወንድምየው ሳቀ። አናጢውም ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዝ ዳር አደፈጡ። አንድ ድኩላ ከሸምበቆው ብቅ ብሎ ጎኑን ሰጣቸው። ማስደገፊያው አላሳፈረም፤ አፈሙዙ እንደተተከለ ቆመ። የአናጢው ጣት ግን ምላጩ ላይ ሲደርስ ተንዘፈዘፈና ሳያስበው ሳበው። ጥይቱ የድኩላውን ትከሻ ስቶ ሆዱን መታው። ድኩላው ተንገዳግዶ ሸምበቆው ውስጥ ገባ።

ቀኑን ሙሉ የደም ጠብታ እየተከተሉ ፈለጉት። አመሻሹ ላይ ደሙ ውሃው ዳር ጠፋ።

«ይኼኔ ሞቷል» አለ ወንድምየው።

«ሆዱን የተመታ ቶሎ አይሞትም» አለ አናጢው። «ሲሠቃይ ነው የሚያድረው።»

ወደ ቤት ተመለሱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አናጢው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ለወንድሙ ዘረጋለት።

«እንካ። ከእንግዲህ ያንተ ነው።»

«ኧረ ተው ወንድም ጋሼ፣ ገና ምን አየህና!» እስኪለው ጠበቀ። ወንድሙ ግን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለው፤ እዚያው እንደቆመም ማንገቻውን ለራሱ ትከሻ ልክ ያሳጥር ጀመር።