ጋሽ ደሞዜ ለንስር ዋስ የሆኑ ጊዜ

ጋሽ ደሞዜ እምቢ ማለት አያውቁም። ደብረ ታቦር ውስጥ ዋስ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ከብት ለሚሸጠው፣ ባጃጅ ለሚረከበው፣ ሥራ ለሚቀጠረው፣ አንዴማ ከሚስቱ ጋር ለታረቀ ጎረቤት ሳይቀር ዋስ ሆነዋል። ሰውየው ሳምንት ሳይሞላው መልሶ ሲያስቀይማት፣ ሄደው የተወቀሱት ጋሽ ደሞዜ ናቸው። ያም ሆኖ አልተማሩም።

ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የኮምፒውተር መምህርት የሆነችው ልጃቸው ሙሉሐብት ሳሎናቸውን ለሕፃናት ክበብ ሰጠችባቸው። ቤቱ ዋይፋይ አለው። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የወላጆቻቸውን ስልክ ይዘው ይመጡና በኢንተርኔት የካርድ ጨዋታ ይጫወታሉ። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ጉልበት ያለው እንስሳ ነው፤ ካርድ ከካርድ ያዋጋሉ፣ ከሌላ ከተማ ልጆችም ጋር ይለዋወጣሉ። ጋሽ ደሞዜ ጫጫታው ሲጀመር ዳዊታቸውን ይዘው ጓዳ ይገባሉ።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ የአሥር ዓመቷ ፍቅርተ ጓዳ ድረስ መጣችባቸው። ክበቡ ሁሉ የሚቀናበትን ባለ ሦስት ቀንድ በሬዋን ይፋግ ለሚኖር ተስፋነህ ለሚባል ልጅ ሰጥታ፣ የእሱን ወርቃማ ንስር ልትቀበል ነው። ችግሩ፣ አንዳቸው ቀድመው መላክ አለባቸው። እሱ ደግሞ አንቺ ቅደሚ ብሏታል።

"ከብት ያለ ዋስ?" አሉ ጋሽ ደሞዜ ደንግጠው። ልጁ መስመር ላይ ስለነበር ስልኩን ተቀበሏትና፣ "አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?" ብለው ጮኹበት።

"የአቶ ዘውዱ የልጅ ልጅ ነኝ።"

"የእህል ነጋዴው ዘውዱ?"

"አዎ።"

"በቃ! ላኪለት ልጄ፣ ዋሱ እኔ ነኝ።"

በሬው ሄደ፤ ንስሩ አልመጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍቅርተ ክበቡን በሙሉ አስከትላ ፊታቸው ቆመች። "ዋስ ነኝ ብለዋል ጋሼ" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ብለዋል። ዋስ ደግሞ ወይ ሰውየውን ያቀርባል፣ ወይ ራሱ ይተካል። ጋሽ ደሞዜ ለአቶ ዘውዱ ደወሉ።

"የልጅ ልጅህ በሬ ወስዶ ጠፋ!"

"የቱን በሬ?"

"የፍቅርተን ነዋ! ባለ ሦስት ቀንዱን!"

አቶ ዘውዱ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ደሞዜ፣ እቤት ውስጥ አብሮህ ሰው አለ?" ሲሉ ጠየቋቸው። ጋሽ ደሞዜ ስልኩን ጠረቀሙባቸው።

መተካት ብቻ ቀረ። በሬው ግን አይገዛም፤ ደጋግሞ አሸንፎ ከፍ ያለ ደረጃ ለደረሰ ብቻ የሚሰጥ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያስከበሩት ስም በአንዲት ሕፃን ፊት ሊወድቅ ነው! ጋሽ ደሞዜ ጨዋታውን ስልካቸው ላይ አስጫኑ፤ መነጽራቸውን ወለወሉና ከልጆቹ መሀል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ጋፋት ገበሬ ቤት ያደጉ ናቸውና በሰንበት በሬ አያሠሩም፤ ቅዳሜም ሰንበት ነው። ክበቡ የሚሰበሰበው፣ ነጥብም የሚቆጠረው ደግሞ ቅዳሜ ብቻ! ሙሉሐብት፣ "አባዬ፣ ሥዕል እኮ ነው" ብትላቸው፣ "ሥዕሉስ የበሬ አይደለም?" አሏት። እናም ለጀማሪ ከሚሰጡት ካርዶች በሬዎቹን አሳርፈው በዶሮና በእንቁራሪት ብቻ ገጠሙ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አሸነፋቸው። ታናሽ እህቱም አሸነፈቻቸው። ፍቅርተ አጠገባቸው ሆና፣ "አሁን ዶሮዋን ያስገቡ ጋሼ! አሁን!" ትላለች፤ እሳቸው ቆስላለች፣ ትንሽ ትረፍ ይላሉ።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። የዶሮዋ ጠባይ ግን ቀስ በቀስ ገባቸው፤ መቼ እንደምትሸሽ፣ መቼ ዞራ እንደምትነቁር አወቁ። ማሸነፍ ጀመሩ። ሲያሸንፉ ልጆቹ ትከሻቸው ላይ ይንጠላጠላሉ፤ ወገባቸውን እያመማቸውም ይስቃሉ።

ጥቅምት ላይ ስልካቸው መለከት ነፋ። ባለ ሦስት ቀንዱ በሬ መጣ! ሙሉሐብት እልል አለች። ጋሽ ደሞዜ ስልኩን ዘርግተው፣ "እንኪ ልጄ፣ ካሳሽን ተቀበይኝ" አሉ።

ፍቅርተ አልተቀበለችም። አንገቷን ደፍታ የራሷን ስልክ አሳየቻቸው። ወርቃማው ንስር ክንፉን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"መቼ መጣ?"

"ሐምሌ ላይ። እናቱ ስልኩን ቀምታው ነበር።"

"ሐምሌ! ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ብነግርዎት ጓዳ ይገቡብናላ።"

ጋሽ ደሞዜ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን እምቢ አላቸው። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚፈልጋቸው ለዋስነት ነበር። ይቺ ልጅ ግን ዋሱን ሳይሆን እሳቸውን ነው የፈለገችው። ደስ አላቸው፤ እንዲህ ደስ ሊላቸው እንደሚችል ራሱ ረስተውት ነበር።

"አባዬ፣" አለች ሙሉሐብት ሳቋን እየዋጠች፣ "ለአቶ ዘውዱ ደውለው ይቅርታ ይጠይቁ እንጂ።"

"እደውላለሁ፣" አሉ ጋሽ ደሞዜ ምንጣፉ ላይ እየተመቻቹ። "አሁን ግን አታናግሪኝ፣ ተራዬ ደርሷል።"