የመንገዱ ግራ ዳር

ኅዳር ሦስት ቀን ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ የመጋዘን ዘበኛ በሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ግራ ጎኑን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ተቀመጠ። ወንበሩ ባዶ ሳለ እንኳ ከዚያች ጥግ አልተንቀሳቀሰም። የደንብ ልብሱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ባርኔጣውን የሚያመው ጉልበቱ ላይ ደፍቶታል። ዓመታዊው የሩጫ ፈተና አሥር ቀን ቀርቶታል፤ በፈተናው የወደቀ ዘበኛ ይሰናበታል። ለዚህ ሲል በየማለዳው ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥርም ግራ ጉልበቱ እስኪመሽ ይጠዘጥዘዋል።

ተራው ደርሶ ሲገባ፣ ሐኪሟ ጉልበቱን አጥፋ ዘርግታ ካየች በኋላ ጫማውን አነሣች። የግራው ሶል በውጭ በኩል ተበልቷል።

«አባባ፣ ጉልበትዎስ ደኅና ነው፤ ያረጀው ጫማዎ ነው» አለችው ፈገግ ብላ። «የሚሮጡበት መንገድ ዳር ዳሩ ያዘቀዝቃል?»

«አዎን።»

«ሲሄዱም ሲመለሱም በግራዎ ዳር ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ይኸው ተገኘ! ግራ እግርዎ ዘወትር ዝቅ ያለውን ይረግጣል። ሲመለሱ በቀኝዎ ዳር ይሩጡ። ምን ይከብዳል?»

ዘበኛው በቀኙ ዳር ከሮጠ መኪኖቹ ከኋላው መጥተው በግራው ያልፋሉ፤ ግራ ጆሮው ደግሞ መስማት ካቆመ ሰባት ዓመቱ ነው። ይህን ሚስቱም አታውቅም። አለቃው ከሰማ በማግስቱ የመጋዘኑን በር የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው። መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን አልዋሸም። የክፍሉ በር መዘጋቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በዚህኛው ጆሮዬ አልሰማም፣ ልጄ። መኪና ይበላኛል።»

የሰባት ዓመት ምስጢሩን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረ።