በአንድ እሑድ፣ በሁለት አገር

ዲላን የለቀቅሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ እስኪመስል ይወርዳል። ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እንባዬን በዝናቡ አሳብቤአለሁ። የንስሐ አባታችን ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ።

"አንተ ቀልደኛ፣ የሚጠፋውን መብል ፍለጋ ስትሄድ የማይጠፋውን እንዳትረሳ።"

"አባ፣ ሞያሌ ሳልደርስማ አልረሳም!" ብዬ አሳቅኋቸው። አውቶቡሱ የጨለለቅቱን ከተማ ሲያልፍ ግን ቀልዴ አለቀ።

የመንገዱን ነገር ተዉት፤ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያልተሸሸግሁበት የጭነት መኪና ካለ ገና ያልተሠራው ነው። ያረፍሁት ከጆበርግ ራቅ ባለች ከተማ ነው። ምግባቸው ፓፕ ይባላል፤ መሐሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ የሌለው ገንፎ ብላችሁ አስቡት። ቆጮ በህልሜ እየመጣ ይወቅሰኛል። ክረምታቸው ደግሞ ደረቅ ብርድ ብቻ! ለጌዴኦ ሰው ዝናብ የሌለው ክረምት ሙሽራ የቀረበት ሠርግ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሳልቆርብ መክረሜ ነበር። እኔና አስቴር በቁርባን የተጋባን ነን፤ ተነጣጥለን ቆርበን አናውቅም። እሷም እኔን እየጠበቀች ሳትቆርብ ቀርታለች። በመጨረሻ አባን በስልክ ጠየቅናቸው።

"ዲላ ግማሹ፣ እዚያ ግማሹ አይደለም ያለው። በየመንበሩ ሙሉው ጌታ ነው። በአንድ እሑድ ቁረቡ፣ ያኔ አብራችሁ ናችሁ" አሉን።

ለመቁረብ ያሰቡ ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉ። በዚህ በኩል እንኳ ከአገሩ ሁሉ ቀድመን ተዘጋጅተናል!

ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመስሁም። አከራዬ ጎጎ፣ እማማ እንደ ማለት ነው፣ ፓፑን ስመልስባት ደነገጠች።

"ታመሃል? ቤቴ ውስጥ እንዳትሞትብኝ!"

"ነገ እበላለሁ፣ ጎጎ።"

"ምን?"

"ሰው የማይሞትበትን።"

"ታዲያ ለእኔም አምጣልኝ እንጂ!"

እሑድ የአሠሪዬን ፒክአፕ ለምኜ ጆበርግ ሄድሁ፤ ቆረብሁ፤ ጠበሌን ጠጥቼ ነጠላዬን አፌ ላይ እንደ ጠቀለልሁ ስመለስ ፖሊስ አስቆመኝ።

"ሾፌር፣ አፍህን ለምን ሸፈንህ? ጠጥተሃል?"

እስቲ ፍረዱኝ! አልጠጣሁም ካልሁ ክህደት ነው። ጠጣሁ ካልሁ እስር ቤት ነኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ ትክ ብለው ካዩት የሚበተን ነው።

"ጠጥቻለሁ።"

"ምን?"

"የክርስቶስን ደም።"

ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና የትንፋሽ መመርመሪያውን አመጣ። "ንፋ!"

አሁን ከእስሩ የባሰ መጣ። የቆረበ ሰው ምራቁን መሬት አያስነካም፤ የሚነፉባትን ፕላስቲክ ግን ሲጨርሱ ቆሻሻ ውስጥ ይጥሏታል።

"እነፋለሁ፤ ፕላስቲኳን ግን ለእኔ ትሰጠኛለህ።"

"ማስረጃ ልታጠፋ?"

"ከፈለግህ እሰረኝ፤ እሷ ቆሻሻ ውስጥ አትገባም።"

ከኋላዬ የቆመው የመኪና ሰልፍ እስከ ጆበርግ ደርሷል፤ ጡሩምባው ሙታን ያስነሣል። እኔ ንቅንቅ አላልሁም። በመጨረሻ "እሺ፣ ውሰዳት!" አለ። ነፋሁ። ዜሮ። ሌላ ሰክቶ አስነፋኝ። ዜሮ። የእኛ ወይን ከዘቢብ ማልዶ የሚጨመቅ ነው፤ ማሽኑ በየት ያውቀዋል?

ፖሊሱ ራሱን አከከ። "እንዲህ ዓይነቱ የት ነው የሚሸጠው?"

"አይሸጥም፣ ማይ ፍሬንድ። ተከፍሎበታል።"

ሁለቱን ፕላስቲኮች ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ቤቴ ገባሁ። አስቴር ደወለች።

"ቆረብህ?"

"ቆረብሁ።"

"እኔም። በወንዶች በኩል አንተ የምትቆምበት ዓምድ ሥር አባ ጃንጥላቸውን አቁመው ቦታ ያዙልህ። ሰው ሁሉ ዞሮላት አለፈ።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"አንተ ሰው፣ መቼ ነው መጥተህ የምትቆምበት?"

ነጠላው እንደተጠቀለለ ነው። ከአፌ ላይ አላነሣሁትም።