አዴ ደሚቱ የሰጡት ቁጥር

ባንክ ሥራ የጀመርኩት መቂ ነው። የመጀመሪያው ቀን የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ደምሴ መስኮት ሦስት ላይ አስቀመጡኝ፤ ማኅተምና የቀለም መርገጫ ሰጡኝና "ስማ ልጅ፣ እዚህ መስኮት ላይ ቀልድ የለም" አሉኝ። "እሺ ጋሼ፣ መስኮት አራት ላይ እቀልዳለሁ" አልኳቸው። መስኮት አራት የሚባል አልነበረም። ማኅተሙን ግንባሬ ላይ ሊያሳርፉት ምንም አልቀራቸውም።

የገበያ ቀን ነበር። ሰልፉ፣ ሳላጋንን፣ ጭራው ዝዋይ ደርሷል። ሽንኩርት የሸጠው ገበሬ፣ ቲማቲም ያስጫነው ደላላ፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም መስኮት ሦስት ላይ ነው። ብሩ ራሱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የመቁጠሪያ ማሽናችን ሲቆጥር ያለቅስ ነበር ብል ማንም አያምነኝም።

ከጀማሪ ገንዘብ ከፋይነት ወደ ዋና ከፋይነት፣ ከዚያም ወደ ደንበኞች አገልግሎት ኃላፊነት አደግኩ። በዚህ መሀል ብሩ ከኪስ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ። ደንበኛ ሲመጣ ፎርም እሞላለታለሁ፣ የሚስጥር ቁጥር ያወጣል፣ ስድስት ቁጥር ያለው መልእክት ይመጣለታል፣ እሱን ራሱ ሲያስገባ አገልግሎቱ ይከፈታል።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። መቂ ላይ ግን ደንበኛው ስልኩን በመስኮቱ ያቀብለኝና "አንተው ጨርስልኝ" ይላል። የሚስጥር ቁጥሩንም ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ ይነግረኛል። የመቂን ግማሽ የሚስጥር ቁጥር በቃሌ አውቅ ነበር፤ የሚስቴን የልደት ቀን ግን እስከ ዛሬ እሳሳታለሁ። መልእክቱ ሲመጣም ስድስቱን ቁጥር ብቻ አነብና ከሥሩ ያለችውን መስመር እዘላታለሁ። ሰልፉ ረጅም ነዋ።

አዴ ደሚቱ (አዴ እንደ እማማ ነው) በመስኖ ሽንኩርት እያለሙ የሚነግዱ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥር ላይ ግን ከማሽናችን ይፈጥናሉ፤ ደግሞም አያለቅሱም። የውኃ መሳቢያ ሞተር ሊገዙ ለሦስት የመኸር ወቅት ሲያጠራቅሙ ቆይተዋል። መስኖው ያለ ሞተር ከዚህ በላይ አይሄድላቸውም፤ ያ ብር ከጠፋ እርሻው አከተመ።

እኔ ደግሞ አንድ ክፉ አመል ነበረኝ። ለምቀርባቸው ደንበኞች ድምፄን ለውጬ እደውላለሁ። አንድ ቀን ለአዴ ደሚቱ "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ባንካችን ከዛሬ ጀምሮ ሽንኩርትም በቁጠባ ይቀበላል" አልኳቸው። ሁለት ኩንታል በጋሪ አስጭነው መጡ። ቅርንጫፉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን "ቆይ ብቻ" ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየሳቁ ገቡ።

"አካም ነጋ፣ አዴ!"

"ተወኝ! ዛሬስ አልቻልከኝም!"

"ምን አደረግኩ?"

"'ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው' ብለህ ነዋ! ድምፅህን ደግሞ ጉንፋን የያዘው ዳኛ አስመስለህ!"

"አዴ፣ እኔ አልደወልኩም።"

"አዎ፤ ሽንኩርትም ባንክ ይገባል!"

ማኅተሙን አስቀመጥኩ። ለካ ከቀናት በፊት ቴሌግራም ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሞተር ጎረቤት አሳይቷቸው፣ ስማቸውንና ስልካቸውን ለሻጩ አስጽፈው ነበር፤ ሌባው ቁጥራቸውን ያገኘው ከዚያ ነው።

"ምን ጠየቀዎት?"

"የሚስጥር ቁጥሬን።"

"ሰጡት?"

"ምን ችግር አለው? አንተ ታውቀው የለ!"

"ከዚያስ? መልእክት መጣ?"

"መጣ። ስድስቱን ቁጥር ያንብቡልኝ አልክ፣ አነበብኩልህ።"

ሌባው የሚስጥር ቁጥሩን ይዟል። ያን ስድስት ቁጥር ካገኘ የአዴ ደሚቱን ሒሳብ የራሱ ስልክ ላይ ይከፍተዋል። ወደ ኮምፒዩተሩ ስዞር ስልካቸው ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርገው ከፈቱት።

"እናቴ፣ አሁንም ስህተት ነው ይለኛል! ይሄ ሦስተኛዎ ነው። እባክዎ በደንብ ያንብቡልኝ፤ ከሥራ መባረሬ ነው!"

አዴ ደሚቱ ስልኩን አዩ። አፌን አዩ። አፌ ዝግ ነው። ሌላ እኔ ተደብቆ እንደሆነ ብለው በመስኮቱ ሥር አጎንብሰው ጭምር አዩ።

"ተስፍሽ... ይሄ አንተ አይደለህም?"

"እኔማ እዚህ ነኝ፣ አዴ።"

"ወይ ዋቀዮ!"

ስልኩን ተቀብዬ ዘጋሁት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳልቀልድ ስልክ ዘጋሁ። ወዲያው የዲጂታል ክፍላችን ደውዬ የሞባይል አገልግሎታቸውን አስቆለፍኩ፤ ሒሳባቸውንም ከፈትኩ። ኮምፒዩተሩ ገጹን እስኪያመጣ ጢሜ አንድ ጣት አደገ።

ብሩ አለ። አንዲት ሳንቲም አልተነካም።

"አዴ፣ ምን ቁጥር ነው ያነበቡለት?"

በጣታቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። ውጭ ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ ቆሟል።

"የዚያን ታርጋ። አምስት ቁጥር ነው፤ አንዱን ከራሴ መረቅኩለት። ሁለተኛ ሲደውል ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩለት። ሦስተኛውን ከሽንኩርቱ ሚዛን ላይ። የሽንኩርቱን ልበቀልህ ነበራ! በኋላ ስትለማመጥ አሳዘንከኝና እውነተኛውን ፊት ለፊት ልሰጥህ መጣሁ።"

ይህን ብለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። እኔም ከመስኮቱ ወጥቼ አጠገባቸው ዘፍ አልኩ። መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም፤ ጥበቃው ሳይቀር እንባውን ጠረገ።

ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀሯቸው ጋሽ ደምሴ ጫጫታውን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። ሁሉን ነገርኳቸው። አልሳቁም። "ቀልድህ ዛሬ አዳነቻቸው። ሌላ ቀን ብራቸውን ታስበላቸዋለች" ብለው ተመለሱ።

አዲስ የሚስጥር ቁጥር ስናወጣ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ አዴ ደሚቱ ራሳቸው ነኩት። ከዚያ የዘለልኳትን መስመር አነበብኩላቸው፦ "ይህን ቁጥር ለማንም፣ ለባንኩ ሠራተኛም ቢሆን፣ አይስጡ።"

"ይቺ ነገር ሁልጊዜ እዚህ ነበረች?"

"ሁልጊዜ።"

"ታዲያ አንተ?"

"ሰልፉ ረጅም ነበር፣ አዴ።"

"ሰልፉ!" አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። ከጋሽ ደምሴ ቁጣ ሁሉ ይቺ በለጠችብኝ።

ሞተሩን አዳማ ካለ ሱቅ ገዙ። አስነሥተው፣ ውኃ ሲስብ ዓይተው፣ ከዚያ በኋላ ከፈሉ።

እኔ አሁን አዳማ ነኝ። "አንተው ጨርስልኝ" ብሎ ስልኩን የሚያቀብለኝ ደንበኛ ዛሬም አለ፤ ስልኩን መልሼ እሰጠዋለሁ፣ ጀርባዬን አዞራለሁ፣ ያቺን መስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሰልፉ ያጉረመርማል። ከባንክ ነኝ ብሎ የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው፤ ስልኩ ይዘጋና ወደ ቅርንጫፉ ይኬዳል። ደንበኛ ሚስጥሩን ለሚያውቀው ሠራተኛ መናገር ከለመደ፣ ለማያውቀውም ይናገራል፤ ያን ያስለመድነው እኛ ነን። ለደንበኛ ደውዬ መቀለድ ትቻለሁ። የምቀልደው መስኮት ላይ፣ ፊት ለፊት ብቻ ነው።