ላፕቶፔ ዝም ያለበት ዓርብ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ መርካቶ ውስጥ ነው። እስካሁን ላፕቶፔን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። 

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። ዐይነ ስውር ነኝ። ላፕቶፕ የምጠቀመው ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። ፊደል ስነካ ፊደሉን ይጠራልኛል፤ ጽሑፍ ስከፍት ያነብልኛል። እሱ ከሌለ ላፕቶፑ ለእኔ ከመክተፊያ አይለይም። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ እኔ ላይ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴ "አንተ ልጅ፣ በሰባት ወርህ ቸኩለህ ወጣህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደቸኮልክ ነህ" ትለኛለች።

በዚያ ሰሞን የሥራ ፈተና ነበረኝ፤ ለሰኞ ጠዋት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ማመልከቻ ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሁሉም ዘንጌን ሲያዩ ድምፃቸው ይለሰልስና "እናሳውቅሃለን" ይሉኛል። አንዱ ብቻ "የራስህን ላፕቶፕ ይዘህ ናና ተፈተን፤ የአማርኛ ሰነድ አንብበህ ታጠቃልላለህ" አለኝ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ላፕቶፔ ግን ሊሞት እያጣጣረ ነበር። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አንድ ፋይል እስኪከፍት ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት በጀርባዬ አዝዬው ወደ መርካቶ ሄድኩ። ከተክለ ሃይማኖት በኩል ገብቼ፣ "ገለል! ገለል በል!" የሚሉ ተሸካሚዎች እየገፈተሩኝ፣ ዱባይ ተራ አጠገብ ካለ አንድ የገበያ ሕንፃ ደረስኩ። እዚያ ኑረዲን የሚባል የላፕቶፕ ጠጋኝ አለ። ጓደኛዬ ነው የጠቆመኝ።

ኑረዲን ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። አዲስ ፈጣን ዲስክ አስገባ፤ አሮጌው ላይ የነበረውን ሁሉ እንዳለ ገለበጠበት። ላፕቶፑ ተነሳ፤ ድምፁም መጣ። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል ቃል መሃል ላይ ደርቆ ቀረ። ቆይቶ ቀጠለ። ደግሞ ደረቀ።

"ሞዱ ነው" አለ ኑረዲን። እንዳስረዳኝ ከሆነ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት አሮጌ መንገድና አዲስ መንገድ አለ። የእኔ ዊንዶውስ የተጫነው በአሮጌው ነው፤ አዲሱ ዲስክ ደግሞ አዲሱን ይፈልጋል። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ባለው ማስተካከያ፣ ባዮስ በሚሉት ማለት ነው፣ ገብቶ ሞዱን ቀየረው። ላፕቶፑ ሊነሳ አለና ጠፋ። ደግሞ ሊነሳ አለ፣ ደግሞ ጠፋ። ማራገቢያው ሲጀምርና ሲያቆም ይሰማኛል።

"ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ" አለኝ። ወደ አሮጌው ሞድ መለሰው፤ ተነሳ፤ መንተባተቡንም ቀጠለ።

"በቃ ወንድሜ፣ ፎርማት ነው መድኃኒቱ። አዲሱ ሞድ ላይ አድርጌ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጫነው። ፋይልህ አይነካም።"

"የፋይሉ ነገር አላሳሰበኝም! አንባቢው ፕሮግራምስ?" አልኩት።

ያ ፕሮግራም ተማሪ ሳለሁ በእርዳታ የተሰጠኝ ነው። ፈቃዱ የሚሠራው ለአንድ ጭነት ብቻ ነው፤ ዊንዶውሱ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። በነጻ የሚገኝ ሌላ አንባቢ አለ፤ አማርኛን ግን እንደ ሰካራም ነው የሚያነበው። በእሱ ሰኞ ብፈተን ራሴን ማዋረድ ነው። ይህን ሁሉ ሳልተነፍስ ነገርኩት።

ኑረዲን ምላሱን መጠጠ። "ገባኝ። ግን ሞድ ተቀይሮ ዊንዶውስ ሳይጫን ሲነሳ አይቼ አላውቅም፣ ወላሂ። አሁን ጁምዓ ደርሷል፤ ሰግጄ ልምጣ። ከሰላት በኋላ ሰርግ አለብኝ፣ ወደ ቡታጅራ ነኝ። እስክመለስ ወስንና ንገረኝ፤ ፎርማት ይሁን ካልክ አስጀምሬልህ እሄዳለሁ።"

ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ተጣራ። "እትዬ አስካለ! ሱቁን ይዩልኝ!"

"ሂድ፣ ሂድ። ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ" የሚል የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ መለሰለት። ዓርብ ዓርብ እሳቸው የእሱን ይጠብቃሉ፤ ለራጉኤል ንግሥ ደግሞ እሱ የእሳቸውን። እትዬ አስካለ የቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሞት ነጋዴ ናቸው።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። ዘንጌን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ ደግሞ አጠፍኩ።

"ልጄ፣ ወንበሩ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?" አሉኝ እትዬ አስካለ።

 ስልኬን አወጣሁና ዐይነ ስውራን ጓደኞቼ ላሉበት የቴሌግራም ግሩፕ በድምፅ ላክሁ። "ሞድ ቀይሮ፣ ዊንዶውስ ሳይጭን የተሳካለት ሰው አለ? ቶሎ በሉ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው።"

መልስ መጣ። ሐዋሳ የሚኖር፣ በአካል አግኝቼው የማላውቅ ልጅ ነው። "እንዴታ! ሞዱን ከመቀየርህ በፊት ዊንዶውሱን 'በሚቀጥለው በሴፍ ሞድ ተነሳ' ብለህ እዘዘው። ሴፍ ሞድ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት ነው። ከዚያ ባዮስ ገብተህ ሞዱን ቀይር። ሲነሳ አዲሱን መንገድ ራሱ ይለምደዋል። ከዚያ ያዘዝከውን ሰርዝና አስነሳው፤ አለቀ። ግን ስማ፣ ባዮስም ሴፍ ሞድም ውስጥ ድምፅ የለም። ትእዛዙን ካልሰረዝክ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያለ ድምፅ ነው የሚነሳልህ። የሚያይ ሰው አጠገብህ ይኑር።" ትእዛዞቹንና ባዮስ ውስጥ የምፈልጋቸውን ቃላትም ጽፎ ላከልኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኑረዲንን ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን ኑረዲን ሲመለስ ሐሳቡ ሁሉ ቡታጅራ እንደሚሆን ታየኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጠበቅ አልችልም።

"እትዬ አስካለ፣ እንግሊዝኛ ያነባሉ?"

"ፊደሉን ነው እንጂ ትርጉሙን የት አውቄው! ሪሞት የሚሸጠው በፊደልና በቁጥር ነው። አንዷ ከተሳሳተች ደንበኛው ተመልሶ ፊቴ ላይ ነው የሚወረውረው።"

"እሱ ይበቃኛል" አልኩና ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ቢበላሽስ?"

"ሰኞ ፈተና የለኝም ማለት ነው።"

"ባንነካውስ?"

"ያው ነው።"

 ከዚያ ወንበር ሲጎትቱ ሰማሁ። "ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ" አሉ።

የመጀመሪያውን ትእዛዝ ድምፁ እየተንተባተበም ቢሆን ራሴ ጻፍኩት። ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ወደ ባዮስ የሚያስገባውን ቁልፍ ደጋግሜ መታሁ። ድምፁ ጠፋ። ከዚህ በኋላ እጄ የእኔ፣ ዐይኑ የእትዬ አስካለ ነበር።

"ምን ይታያል?"

"ሰማያዊና ግራጫ ነገር። ከላይ የበራው ኤም፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን።"

"አይደለም።" ቀስቱን ወደ ቀኝ ነካሁ። "አሁንስ?"

"ኤ፣ ዲ፣ ቪ…"

"ይቺ ናት! ከሥሯ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤ የሚል ይፈልጉልኝ።"

"ውረድ። ውረድ። ደግሞ ውረድ። አለፍከው! ምን ያስሮጥሃል? ተመለስ። እ፣ እዚህ ጋ።" ቁልፉን ስጫነው ትንሽ መስኮት ወጣች። "ሁለት ነገር አለ። አንዱ አይ፣ ዲ፣ ኢ። ከሥሩ ኤ፣ ኤች፣ ሲ፣ አይ።"

"ሁለተኛው ነው፣ አዲሱ መንገድ። በርግጥ ሁለተኛው ላይ ነኝ?"

"ዐይኔን ነው የምትጠራጠረው?" ተቆጡ።

አስቀመጥኩና ወጣሁ። ማራገቢያው ዞረ። ኑረዲን ሲሞክር የጠፋው እዚህ ጋ ነው። ጆሮዬን ላፕቶፑ ላይ ለጥፌ ጠበቅሁ፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አልጠፋም።

"ጥቁር ሆኗል። በአራቱም ማዕዘን ትንንሽ ጽሑፍ አለ። ኤስ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ኢ…"

"ተመስገን!" ብዬ ጮህኩ። ሴፍ ሞድ ገብቷል። አዲሱን መንገድ ተቀብሎታል ማለት ነው።

የቀረው ትእዛዙን መሰረዝ ነው። የትእዛዝ መጻፊያውን ከፍቼ፣ የላከልኝን በስልኬ እየሰማሁ፣ ምንም በማይናገር ላፕቶፕ ላይ ጻፍኩ። የሐዋሳው ልጅ ከተሳካም ካልተሳካም መልሱ በአንድ ዓይነት ቃል እንደሚጀምር ነግሮኛል፤ የሚለየው ሁለተኛው ቃል ነው። በኦ ከጀመረ ተሳክቷል።

"ሁለተኛው ቃል በምን ይጀምራል?"

"በዲ።"

አመመኝ። ተሳስቻለሁ። 

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ እትዬ አስካለ። "ቀስ በል። እያንዳንዷን ስትጽፍ እኔ እጠራልሃለሁ።"

እንደገና ጀመርን። እኔ እነካለሁ፣ እሳቸው ይጠራሉ። መሃል ላይ አንድ ሰው በር ላይ ቆመ። "እናት፣ የዲሽ ሪሞት ፈልጌ ነበር። ለክፍለ ሀገር ነው፣ ብዙ ነው የምወስደው።"

"የለም" አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይመስለኛል፤ ድምፃቸው ከጆሮዬ አልራቀም።

"ኧረ ይኸው፣ ተሰቅሎ!"

"የለም አልኩህ! ዝግ ነው! ሌላ ጋ ሂድ!"

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። እኔ በዕድሜዬ የመርካቶ ነጋዴ የጅምላ ገዢ ሲያባርር ሰምቼ አላውቅም። "እትዬ፣ ሄደ እኮ…" ስል "አርፈህ ጻፍ! ኤል ላይ ነው ያቆምነው" አሉኝ።

ጻፍኩ፤ ጨረስኩ፤ ተጫንኩ።

"በኦ" አሉ። "ኦ ነው። ክብ፣ እንደ ዳቦ!"

ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁት። ልክ በዚህ ጊዜ ኑረዲን ደረሰ። የጫማው ኮቴ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ምንድነው ይሄ? እኔ እንዲህ አድርጌ አልተውኩትም! ማን ነው የነካው?" ድምፁ የእውነት ተቆጥቷል። ይግባችሁ፤ ሰው ዕቃ ሲያበላሽ ስሙ የሚጠፋው ጠጋኙ ነው።

አፌን ከፈትኩ። እትዬ አስካለ ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የነካሁት። ልጁን አንዲት ቃል እንዳትናገረው። ከተበላሸ ከእኔ ጋር ተነጋገር።"

ኑረዲን ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለ። ማራገቢያው ይዞራል። ሌላ ምንም አይሰማም። እኔ በጣቴ ጠረጴዛውን እቆረቁራለሁ። እትዬ አስካለ ትከሻዬን ይዘዋል።

ከዚያ ላፕቶፔ ተናገረ። ሳይንተባተብ፣ ሳይደርቅ፣ ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ፋይሎች ስም አንድ በአንድ ጠራልኝ። እኔ ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቀውም። እትዬ አስካለ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ከላይኛው ፎቅ ሳይቀር "ማን ወለደ?" የሚል ሰው ነበር።

"ወላሂ ተነሳ!" አለ ኑረዲን። ንዴቱ የት እንደገባ እንጃ። ሰርጉንም ረስቶ አጠገቤ ተቀመጠና "ያን መልእክት ላክልኝ፣ ስንቱን ፎርማት አድርጌ!" አለኝ።

ሰኞ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ይህንንም የምጽፈው የምሳ ሰዓቴን ሰርቄ፣ ቢሮዬ ሆኜ ነው። መርካቶ በሄድኩ ቁጥር እትዬ አስካለን ሳልሳለም አልመለስም፤ እሳቸውም ሳይቆጡኝ አይሸኙኝም።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረዱኛል። እጄን ይዘው አስፋልት ያሻግሩኛል፣ ከንፈር ይመጥጡልኛል፣ ይሄዳሉ። እግዜር ይስጣቸው። ጥፋቴን ከእኔ ቀምቶ "የእኔ ነው" ያለልኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ደግሞ ይህን ያሉት ላፕቶፑ ከመናገሩ በፊት ነው። ይነሳ አይነሳ ሳያውቁ፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ። ባይነሳም ኖሮ ቃላቸው ያው ነበር። እሱን ሳስብ ዛሬም እንባዬ ይመጣል።